ብርድ ያስተኛል እንጂ አይገድልም
(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)



ሲሳያችንን ለሰጠን፣ ሐላሉንም ከሐራሙ ለለየልን ለአላህ (ሱ.ወ) ምስጋና ይድረሰው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! በዛሬው ዝግጅታችን ከጓዳችን ስለማይጠፋ ጉዳይ እንነጋገራለን። ምግብን የሚመርዙ ባክቴሪያዎች በብርድ፣ በሙቀት፣ በድርቀትና በኮምጣጣ ነገር ውስጥ ምን እንደሚሆኑ፣ መቼ እንደሚሞቱ፣ መቼ ተኝተው እንደሚቆዩ፣ መቼ ደግሞ ሰውን ለማጥቃት እንደሚበረቱ አላህ ባገራልን መጠን እንመለከታለን። «ይህ የሐኪም ሥራ እንጂ የኢማም ሥራ ነውን?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ነገሩን ወደ መስጊድ ያመጣው የጎረቤት ጠብ ነውና በቅድሚያ ታሪኩን እንናገር።

ከዓመታት በፊት በመካነ ሰላም ዙሪያ በምትገኝ አንዲት መንደር ሰደቃ ተደግሶ ነበር። በሬ ታረደ፤ በትልቅ ጎላ ወጥ ተሠራ። ከመግሪብ በኋላ የተጠሩት ሁሉ በልተው፣ ዱዓ አድርገው ወደየቤታቸው ተመለሱ። የተረፈው ወጥ ጎላው እንደተከደነ ከምድጃው አጠገብ አደረ። በማግስቱ ጧት በሦስት ሰዓት ለብ ለብ ተደርጎ ዕቃ ለማጠብና ዳስ ለማፍረስ ለመጡት ጎረቤቶችና ለልጆች ቀረበ። በዚያው ዕለት ማታ፣ ጧት ከበሉት ብዙዎቹን ቁርጠት ያዛቸው፤ ተቅማጥም ተከተለ። በአላህ ፈቃድ የሞተ ሰው አልነበረም፤ በበነጋውም አብዛኞቹ ተሻላቸው። ያልተሻለው ነገር ግን ሌላ ነበር። አንዲት ጎረቤት ጧት ገብታ ጎላውን ከፍታ አይታ ስለነበር «ዓይኗ ነው» ተባለ። ውሎ ሲያድር ደግሞ «የሆነ ነገር ጨምራበት ነው» የሚል ወሬ ተጨመረ። ሴትዮዋ ከቡና ተገለለች፤ ልጆቿም ከሌሎች ልጆች ጋር እንዳይጫወቱ ተከለከሉ።

ለሽምግልና ተጠርተን ስንሄድ የቤቱ እመቤት እንዲህ አሉን፦ «ሸኹ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ደግሻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። አገሩ ደጋ ነው፣ ብርድ ነው። ወጥ ባንድ ሌሊት ይበላሻል እንዴ?»

«እማማ፣ ማታ በልተው ከሄዱት ውስጥ የታመመ አለ?» ብለን ጠየቅናቸው።

አሰብ አድርገው «የለም» አሉ።

«ጧት የበሉትስ?»

እናታችን ዝም አሉ። መልሱ እዚያው ነበር። ማታ ትኩሱን የተበላው ወጥ ማንንም አላሳመመም፤ ያደረው ግን አሳመመ። ጎረቤቲቱ ክዳኑን ከመክፈቷ በፊት ጎላው ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ሲሠራ አድሯል። ያን ወጥ ላቦራቶሪ አልመረመረውም። ነገር ግን የበሉት ሰዎች ሁኔታ፣ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓትና የተሻላቸው ጊዜ በመጻሕፍት ከተጻፈው ጋር አንድ ነበር። እኛም በመድረሳ ኪታብ፣ በኮሌጅ ደግሞ ባዮሎጂ ቀርተናልና ሁለቱን አጣምረን ለቤተሰቡ ያስረዳነውን ዛሬ ለእናንተ እናቀርባለን።

ባንድ ሌሊት ስንት ይሆናሉ?

ባክቴሪያዎች በዓይን የማይታዩ የአላህ ፍጡራን ናቸው። አብዛኞቹ አይጎዱንም፤ ወተታችንን የሚያረጉልን፣ ሊጣችንን የሚያቦኩልንም አሉ። ጎጂዎቹ እንደ ሳልሞኔላ፣ ሺጌላና ኢ. ኮላይ ያሉት ከሰውና ከእንስሳት አንጀት፣ ሌሎቹ ከአፈር፣ ከእጅ ቁስልና ከአፍንጫ ወደ ምግባችን ይገባሉ። ገብተው የሚሆኑት ግን የሚወሰነው በሚያገኙት ሁኔታ ነው።

እርጥበትና ምቹ ሙቀት ካገኙ ብዙዎቹ በየ20 ደቂቃው ይባዛሉ፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ አንድ ብቻ የነበረው ባክቴሪያ በዚህ ፍጥነት ከቀጠለ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ 2,097,152 ይሆናል። ስለዚህም ነው የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለውን ሙቀት አደገኛ ክልል ብሎ የሚያስጠነቅቀው። የበሰለ ምግብ በዚህ ክልል ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይም ይመክራል። ወይ ትኩስ ይበላ፣ ወይ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ በመካከሉ ለብ ብሎ አይደር።

የደጋው ብርድ እንዴት ያታልለናል?

እኛ የቦረና፣ የወግዲ፣ የለጋምቦና የሳይንት ደገኞች በብርዳችን እንተማመናለን። በእርግጥም ብርድ ይጠቅማል። ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ባንድ ቀን የሚበላሸው ሥጋ በደጋው ቀናት ሊቆይ ይችላል። ነገር ግን ብርድ ባክቴሪያን ያስተኛል እንጂ አይገድልም። ሳልሞኔላ ሙቀቱ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ መራባቱን ያቆማል፤ ሙቀት ሲያገኝ ካቆመበት ይቀጥላል። ሊስቴሪያ የሚባለው ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ እንኳ ቀስ እያለ ይራባል። ይህ ባክቴሪያ ለነፍሰ ጡር ሴት በተለይ አደገኛ ነው፤ ፅንስ ሊያስወርዳት ይችላል። በረዶ ሆኖ የቆየ ሥጋም ቢሆን ሲቀልጥ ባክቴሪያዎቹ አብዛኞቹ በሕይወት አሉ።

ሁለተኛው ማታለያ ጎላው ራሱ ነው። ሌሊቱ ቢበርድም ብርዱ የሚደርሰው ጠርዙ ላይ ነው። አምሳ ሰው የሚያበላ ወጥ የሞላበት፣ የተከደነ፣ ከምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ጎላ መካከሉ ለብዙ ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል። እጃችን የሚነካው ብርዱን ነው፤ ባክቴሪያው ግን የሚያድረው በመካከሉ ሙቀት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ «ወጡ እኮ ፈልቷል፤ ባክቴሪያው እንዴት ተረፈ?» ተብሎ ይጠየቃል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል፣ በአፈርና በከብት አንጀት የሚኖር ባክቴሪያ አለ። ክፉ ጊዜ ሲመጣበት ስፖር የሚባል ጠንካራ ሽፋን ለብሶ እንደ ዘር ይተኛል። ወጥ የሚፈላበት ሙቀት ይህን ሽፋን ሁልጊዜ አይሰብረውም። ወጡ ሲበርድና ለብ ሲል ስፖሩ ይበቅላል። አየር አይወድም፤ ብዙ የፈላ ወጥ ደግሞ አየሩ ስለወጣለት ይመቸዋል። ከ43 እስከ 47 ዲግሪ ባለው ሙቀት በ10 ደቂቃ ገደማ ሊባዛ ይችላል። ብዙ ሆኖ ሲበላ አንጀት ውስጥ መርዝ ያመነጫል፤ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 16 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቁርጠትና ተቅማጥ ይጀምራል፤ በአንድ ቀን ገደማም ይተዋል። ጧት በሦስት ሰዓት በልተው ማታ የታመሙትን እነዚያን ሰዎች አስታውሱ።

የአገራችን ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በባሕር ዳርቻ አገሮች ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ግን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። አተርና ሥጋ ሳይበስል የሚቆይብንም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሲባል መፍላቱ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ወተትን ከጎጂ ባክቴሪያዎች ለማጽዳት 72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ወይም 63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይበቃል፤ 91 ዲግሪ ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ወተት አፍልቶ መጠጣት በደጋም ያድናል። ለመጠጥ የሚፈላ ውኃ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ወፍራም ሥጋም መካከሉ ድረስ መብሰሉ ይረጋገጥ፤ መካከሉ 70 ዲግሪ መድረስ አለበት።

ማሞቅ ሁሉን ያድናል?

ብዙዎቻችን ያደረ ምግብ ለብ አድርገን እንበላለን። ለብ ማድረግ ግን ባክቴሪያውን ማስደሰት ነው። እስኪንተከተክ ድረስ እያማሰሉ ማሞቅ ሕይወት ያላቸውን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ይሁን እንጂ አንዳንዶቹ ሞተውም መርዛቸውን ትተው ይሄዳሉ። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ከሰው አፍንጫና ከቆሰለ እጅ ወደ ምግብ ይገባል፤ ምግቡ ለብ ብሎ ከቆየ የሚያመነጨው መርዝ በመፍላት አይጠፋም። በበላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያስመልሳል። ባሲለስ ሲሪየስ የሚባለው ደግሞ ባደረ ሩዝ ላይ እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ያለቦታው ያደረን ምግብ እሳት ሁልጊዜ አይመልሰውም።

የእናቶቻችን ጥበብና ወሰኑ

እናቶቻችን የባክቴሪያን ስም ሳያውቁ ባክቴሪያን ተዋግተዋል። ቋንጣ ሥጋውን በጨውና በድርቀት ያድናል፤ ባክቴሪያ ያለ እርጥበት አይራባምና። በሶ ገብሱ ተቆልቶ ስለሚፈጭ ደረቅ ሆኖ ወራት ይቆያል። እርጎ ሲኮመጥጥ፣ ሊጥ ሲቦካ ብዙ ጎጂ ባክቴሪያዎች ይዳከማሉ። እንጀራውም ምጣድ ላይ ይበስላል። የወተት ዕቃን በወይራ ማጠንም እንዲሁ ከሽታው ያለፈ ጥቅም እንዳለው ይነገራል። ስማቸው በምግብ ማይክሮባዮሎጂ የሚታወቀው የአገራችን ምሁር ሞገሴ አሸናፊ እነዚህን ነገሮች በሳይንስ መርምረዋል። በ1994 (እ.ኤ.አ.) ሊስቴሪያ በሚረጋ እርጎ ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚመረምር ጽሑፍ አሳትመዋል፤ ዕቃ ማጠን በሚረጋ ወተት ላይ ያለውን ውጤትም አጥንተዋል።

ነገር ግን ለዚህም ጥበብ ወሰን አለው። ድርቀትም እንደ ብርድ ነው፤ ብዙዎቹን ያስተኛል እንጂ አይጨርስም። ሳልሞኔላ በደረቀ ቅመምና ዱቄት ውስጥ ለወራት ሊኖር ይችላል። ደረቁ በሶ ምንም አይሆንም፤ በውኃ ተበጥብጦ እስከ ማታ ሲቀመጥ ግን ለተኛው ሁሉ ማንቂያ ነው። የሕፃናት አጥሚትና ገንፎም እንደዚሁ። ጧት ተሠርቶ ቀኑን ሙሉ ለልጅ እየተጨለፈ የሚሰጥ አጥሚት፣ እናት ሳታውቅ ልጇን የምታሳምምበት መንገድ ነው። እርጎም ገና ሳይኮመጥጥ ለስላሳ ሳለ ጎጂዎቹ በሕይወት ሊገኙበት ይችላሉ።

ከመብዛት በላይ የሆነው ነገር

አድማጮቻችን! ባክቴሪያ የሚያገኘው ሁኔታ ቁጥሩን ብቻ አይወስንም፤ የማጥቃት ኃይሉንም ይለውጠዋል። ሊስቴሪያ በቀዝቃዛ ቦታ ሳለ ዋናተኛ ነው። 37 ዲግሪ ወደሆነው የሰው አካል ሲገባ ግን ሙቀቱን አውቆ ሕዋሳችንን የሚሰብርበትን መሣሪያ ያወጣል። ሺጌላም የሰውነትን ሙቀት ሲያገኝ ለማጥቃት ይነሣል።

አላህ ለሆዳችን ጠባቂ አድርጎ ከፈጠረልን አንዱ የጨጓራ አሲድ ነው። አብዛኛው ባክቴሪያ እዚያ ይሞታል። ሆኖም ሳልሞኔላ በመጠኑ በኮመጠጠ ምግብ ውስጥ ቆይቶ ከመጣ አሲድን ለምዶ፣ የጨጓራውንም ተቋቁሞ ሊያልፍ ይችላል። ቅባት የበዛበት ምግብም ባክቴሪያውን ሸፍኖ ያሳልፈዋል። ስለዚህ «ኮምጣጣ ነው፣ ቅቤ አለበት፣ ምንም አያደርግም» የሚለው አባባል ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ሺጌላን የመሰለው ደግሞ ከ10 እስከ 100 ቢገባ እንኳ ለማሳመም ይበቃዋል።

ኮሌራ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። በባንግላዴሽ ከታማሚዎች የተወሰደውን የኮሌራ ባክቴሪያ የመረመሩ ተመራማሪዎች በ2002 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳተሙት፣ ከታማሚ ሰው አሁን የወጣ ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ከተራባው ይልቅ በአይጦች ላይ እጅግ ተላላፊ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ በኋላ የተደረገ ጥናትም ይህ ኃይል ለሰዓታት እንደሚቆይ አሳይቷል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከባሌ ዞን ጀምሮ የአማራ ክልልን ጨምሮ ወደ ብዙ ክልሎች የተዛመተውን የኮሌራ ወረርሽኝ ያየን ሰዎች ነን። ከዚህ የምንማረው፣ ታማሚን የምታስታምም እናት የታማሚውን ልብስና ሰገራ ነክታ እጇን በሳሙና ሳትታጠብ ሊጥ ብትነካ፣ አደጋው በዚያች ሰዓት ከሁሉ የከፋ መሆኑን ነው። ኩበት ጠፍጥፋ ወይም በረት ጠርጋ የምትመጣ እኅታችንም ይህንኑ ታስታውስ። ሳሙና ከሌለ አመድ አለ።

ንዕማ መድፋት ወይስ ሰው ማሳመም?

እዚህ ላይ የእናታችን ሁለተኛ ጥያቄ ይነሣል። «የአላህን ንዕማ መድፋት ኢስራፍ አይደለምን?» አሉን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንጀራ መሬት ሲወድቅ አንሥቶ የሚስም ሕዝብ ነን፤ ድርቁንም ረሀቡንም ወሎ ያውቀዋል። ነገር ግን ኢስራፉ የተፈጸመው የተበላሸው ወጥ ሲደፋ አይደለም። የተፈጸመው ከተጠራው ሰው በላይ ሲሠራና የተረፈው ትኩስ ሳለ ሳይታደል ሲቀር ነው። ለድሃ የሚሰጥ ሰደቃ ከወደድነው ነገር ይሁን ተብለናል። ለራሳችን የምንፈራውን ያደረ ወጥ ለተላላኪና ለልጅ ማቅረብ ሰደቃ አይሆንም። ሌላውን መጉዳትም በዲናችን የተከለከለ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናስለምድ፦

አንደኛ፣ የሰደቃና የመውሊድ ወጥ ከተበላ በኋላ የተረፈው በዚያው ማታ በየዕቃው ተቀድቶ ለጎረቤት፣ ለአቅመ ደካማና ለመጡት ሁሉ ትኩሱን ይታደል። ጀዛው አይቀርም፤ ወጡም አይበላሽም።

ሁለተኛ፣ ማደር ያለበት ካለ ከጎላው ወጥቶ በጥልቀት ከአራት ጣት በማይበልጡ ሰፋፊ ዕቃዎች ይከፋፈል። ከምድጃው ርቆ ነፋስ ባለው ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፤ እንፋሎቱ ሲወጣለት ይከደን። የደጋችን ብርድ የሚጠቅመን ያን ጊዜ ነው። ጧት ሲበላ የሚበላው ያህል ብቻ ተቀንሶ እስኪንተከተክ ይሙቅ። ማገዶውም ይቆጥባል። እየሞቀ እየበረደ የሚመላለስ ወጥ ግን አይበላ።

ሦስተኛ፣ በረመዳን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር አሥር ሰዓት ገደማ አለ። የኢፍጣሩ ሾርባና ሩዝ ለሱሑር እንዳይደገም፣ ለሱሑር የሚሆነው ለብቻ ይሠራ፤ ካልተቻለም በደረቅ እንጀራ፣ በቆሎና በተምር ይታለፍ።

አራተኛ፣ በዒደል አድሃ የእርዱ ሥጋ ከሆድ ዕቃው ጋር በአንድ ሳፋ አይቀላቀል። አንጀት የነካ ቢላ ሳይታጠብ ሥጋ አይቁረጥ። ለቆላ ዘመድ የሚላክ ሥጋ ጥሬውን በሙቀት ከሚጓዝ በቋንጣ መልክ ይላክ። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለሽማግሌ አይሰጥ። ሥጋ ሲከተፍ በላዩ የነበረው ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይገባልና ክትፎ ለብ ለብ ስለተደረገ አይጸዳም።

አምስተኛ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊት ዕቃችንን እንድንከድን፣ ከእንቅልፍ ስንነሣም እጃችንን ሳንታጠብ ዕቃ ውስጥ እንዳንከት አስተምረውናል። ለአምስት ወቅት ሰላት ውዱእ የሚያደርግ ሕዝብ ለሊጥና ለወጥ እጁን በሳሙና መታጠብ ሊከብደው አይገባም።

ከታመመስ? ከሁሉ በፊት የወጣውን ውኃ መመለስ ነው። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኦአርኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ልክ በልኩ በጥብጦ ደጋግሞ ማጠጣት ነው። ሕፃን ጡቱን አያቋርጥ። ሰገራው ደም ካለው፣ ትኩሳት ከበረታ፣ ወይም ልጁ ዓይኑ ጎድጉዶ ከደከመ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት በተበከለ ምግብ ምክንያት በዓለም ዙሪያ በዓመት 420,000 ሰዎች ይሞታሉ፤ ከእነዚህም 125,000ዎቹ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

ወደ ጀመርነው ታሪክ እንመለስ። ዓይን የለም አንልም። ነገር ግን ያለ ማስረጃ ሙስሊም እኅታችንን መጠርጠር፣ በሐሜት ሥጋዋን መብላት ታላቅ ወንጀል ነው፤ ያ ወጥ ባንድ ቀን ተሻለ፣ የጥርጣሬው ሕመም ግን ወራት ቆይቷል። ለቤተሰቡ ይህን ሁሉ ካስረዳን በኋላ እናታችን ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡና ወደዚያች ጎረቤት ቤት ሄዱ። «አፉ በይኝ ልጄ፤ ጎላው ነው ያሳመመን፤ አንቺን አሳመምንሽ» አሏት። በዚያው ቀን ቡና አብረው ጠጡ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሰደቃ በወጣ ቁጥር ወጡን በየዕቃው እየቀዳች ለጎረቤት የምታዳርሰው እሷው ናት።

አላህ ሲሳያችንን ሐላልና ጠይብ ያድርግልን። ልጆቻችንን ከሕመም፣ ልባችንን ከመጥፎ ጥርጣሬ ይጠብቅልን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።